በአንዲት ላም የተመዘነ ዙፋን

ስልካችሁ ላይ ላሊበላ ብላችሁ ብትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ቤተ ጊዮርጊስ ነው። በድሮን ከላይ የተነሳ፣ መስቀል የሚመስል ጣሪያ፣ ዙሪያውን ቀይ ዐለት፣ አፋፉ ላይ ነጭ የለበሱ ምእመናን። ቆንጆ ፎቶ ነው፤ እኔም ስልኬ ላይ አለኝ። ንጉሡ ግን ፎቶው ውስጥ የለም። ከተማዋ በስሙ ትጠራለች፣ አውሮፕላን ማረፊያው በስሙ ይጠራል፤ ሰውየው ራሱ ምን ዓይነት ሰው ነበር ተብለን ስንጠየቅ ግን አብዛኞቻችን ዐለት ፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን አነጸ ከማለት አናልፍም።

የድሮዎቹ ሰዎች እንዲህ በቀላሉ አያልፉትም ነበር። ንጉሡ ካረፈ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ገድሉን የጻፉት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስለ ሕንጻው የተጨነቁትን ያህል ስለ ጠባዩ ተጨንቀዋል። ሊገድሉት የሞከሩትን ምን አደረጋቸው? መሬቱን ከማን ወሰደ፣ በምን ወሰደ? የሠራለት ሰው ዋጋውን አገኘ ወይ? እኛ ስለ መሪ ስንከራከር የምንቆጥረው መንገድና ድልድይ ነው። እነሱ የያዙት ሚዛን ትሕትና፣ ትዕግሥት፣ ምሕረትና የሰው ሐቅ አለመንካት ነበር። ዛሬ የላሊበላን ሕይወት በዚያው በእነሱ ሚዛን ልንነግራችሁ ነው፤ ሚዛኑ የማያነሳለትን ሳንደብቅ።

ታሪኩ በንብ ይጀምራል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ላስታ ውስጥ፣ ያኔ ሮሐ በምትባለው ቦታ፣ ከዛጉዌ ነገሥታት ወገን አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ሕፃኑ እንደተኛ ንቦች መጥተው ከበቡት። እናቱ ንቦቹ ንግሥናውን አወቁለት ብላ በዚያው ስም አወጣችለት። ላሊበላ ማለት በአገውኛ ይኸው ነው ይባላል። ላል ማር ነው፣ ስሙም ማር ይበላል ማለት ነው የሚሉም አሉ። ላስታ የማር አገር ስለሆነ ሁለቱም ያስኬዳል።

ለእናት ደስ የሚል ምልክት ነው። ለልጁ ግን አደጋ ነው፤ ምክንያቱም ዙፋኑ ባዶ አይደለም። ታላቅ ወንድሙ ሐርቤ ነግሦ ነበር። በዛጉዌዎች ዘንድ ደግሞ ዘውድ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ አይወርድም፤ ከወንድም ወደ ወንድም፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ ይሻገራል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ዘመድ ሊነግሥ የሚችል ሰው ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዘመድ ይጠረጠራል። ንብ የከበበው ልጅማ አይነሳ!

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ከቤት ውስጥ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው እህቱ መርዝ የተጨመረበት መጠጥ አቀረበችለት። ላሊበላ ከመጠጣቱ በፊት አብሮት የነበረው ዲያቆን ቀመሰው፤ ወዲያው ሞተ። ውሻም ቀምሶ ሞተ። በዚያች ሰዓት እኔ ብሆን፣ እናንተም ብትሆኑ፣ ጽዋውን ወርውሮ ዘብ መጥራት ነው። ላሊበላ ግን በእሱ ፋንታ ሰው ሞቶ እሱ መትረፉ አልሆነለትም፤ የቀረውን አንስቶ ጠጣው።

ለፖለቲካ ሰው ይሄ እብደት ነው። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ዋጥ አላደረግኩትም። ግን የዚያን ዘመን ቤተ መንግሥት አስቡት፤ የንጉሥ ምግብና መጠጥ የሚቀምስ ሰው የትም አለ። ሥራው መሞት ሲመጣ ቀድሞ መሞት ነው፤ ማንም አያለቅስለትም፣ ስሙም አይጻፍም። የዚህ ዲያቆን ስምም በየቦታው አይነሳም። ገድሉ ግን የወደፊቱ ንጉሥ የአንድ አገልጋይን ነፍስ ከራሱ ነፍስ እኩል አድርጎ እንዳየ ይነግረናል። ለሦስት ቀን እንደ ሞተ ሰው ተኛ፤ በእነዚያ ቀናት መላእክት ወደ ሰማይ አውጥተው ወደፊት የሚያንጻቸውን አብያተ ክርስቲያናት አሳዩት። እንግዲህ የላሊበላ ሕንጻዎች ንድፍ በእምነቱ ታሪክ ውስጥ የመጣው ከዚህ ጽዋ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ለሰው ሞተ፣ ከዚያ ሕንጻው ታየው።

ሲነሳ ታሪኩ ወደ በቀል አይሄድም፤ ወደ በረሃ ይሄዳል። ከወንድሙ ፊት ሸሽቶ የዱር ቅጠልና ፍሬ እየበላ በጸሎት ኖረ። መስቀል ክብራን ያገኘውም ገና ሳይነግሥ፣ በዚህ በመከራው ዘመን ነው። ይቺን ሴት ልብ በሏት፤ ኋላ እንመለስባታለን። ወሬ አቀባዮች ግን በረሃ ድረስ አልተዉትም። ከንጉሡ ዘንድ ተከሰሰ፣ ተጠርቶም ተገረፈ። ገድሉ ጅራፉ እንዳልነካው፣ መላእክት እንደጋረዱት ይናገራል። ከዚያ ኢየሩሳሌም ደርሶ ተመለሰ።

ቀጥሎ የሚመጣው የታሪኩ አከራካሪ ቦታ ነው። በገድሉ ሐርቤ በራእይ ተገሥጾ ወንድሙን ይቅርታ ጠየቀና ዙፋኑን በገዛ እጁ አስረከበው። ደም የለም፣ ጦር የለም። የታሪክ ምሁራን ግን እንዲህ ያለ ሰላማዊ ርክክብ ይጠራጠራሉ። ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት ታሪካችን ትልቁን ሥራ የሠሩት ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ላሊበላ በሕይወት ካለ ንጉሥ ላይ ዘውዱን መውሰዱ ያለ ኃይል ይሆናል ብለው አላመኑም። እውነትም በሕይወት እያለ፣ ጤነኛ ሆኖ፣ የገረፈውን ሰው ጠርቶ ዘውድ የሚያስረክብ ንጉሥ በዓለም ታሪክ ብዙ አይገኝም።

እኔ ሁለቱንም ስሰማ ዓይኔ የሚያርፈው ከርክክቡ በኋላ በሆነው ላይ ነው። ተሸናፊው ሐርቤ ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሐርቤ ነው፤ የንግሥ ስሙም ገብረ ማርያም ይባላል። ልጁ ነአኩቶ ለአብ እንደ ጠላት ዘር አልታየም፤ በላሊበላና በመስቀል ክብራ ቤት እንደ ልጅ አደገ ይባላል። በዚያ ዘመን ከዙፋን የወረደ ሰው ልጅ ዕጣው ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በኋለኞቹ መቶ ዓመታት የነገሥታት ልጆች ግሼን አምባ ላይ ታስረው ዕድሜያቸውን ይጨርሱ ነበር። ዘውዱ በጦርም ይምጣ በራእይ፣ የወንድሙ ልጅ በአንድ ማዕድ በልቶ አድጓል።

የዛጉዌ ነገሥታት ደግሞ ንጉሥ ብቻ አልነበሩም። ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ሐርቤ፣ ላሊበላ፣ ነአኩቶ ለአብ፤ አራቱም ካህንም ንጉሥም ናቸው፣ አራቱም በቅድስና ይታሰባሉ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም ግብጽ ውስጥ የተጻፈና በአቡ ሳሊሕ ስም የሚታወቅ መጽሐፍ ስለ ሐበሻ ነገሥታት አንድ አስገራሚ ነገር መዝግቧል። ነገሥታቱ መቅደስ ገብተው ይቀድሳሉ፤ ይህ ግን በእጃቸው ሰው እስካልገደሉ ድረስ ነው። የገደለ ንጉሥ ንግሥናው ባይቀርበትም መቅደስ መግባቱ ይቀርበታል። ጸሐፊው ከሩቅ የሰማውን ነው የጻፈው። ቢሆንም እስኪ አስቡት፤ አንድ ንጉሥ ቅዳሴ ገብቷል ወይስ ውጭ ቆሟል የሚለውን ሕዝቡ በዓይኑ እያየ ማወቅ ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት የተጠያቂነት መለኪያ በየትኛው ሕገ መንግሥት እናገኛለን?

አሁን ወደ ዐለቱ እንምጣ። ሮሐ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ቦታ ናት። ዐለቱ ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ፣ ቀላ ያለ፣ ለመፈልፈል የሚመች ድንጋይ ነው። ሥራው ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ ዙሪያው ይቆፈራል፣ መሐል የቀረው ትልቅ ድንጋይ ከጣሪያው ጀምሮ ይጠረባል፣ ከዚያ በበርና በመስኮቱ ተገብቶ ሆዱ ይወጣል። ስሕተት የለም፤ አንድ ዓምድ ከተሰበረ ሌላ ድንጋይ አምጥቶ መተካት አይቻልም። ትልቁ ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ ከ33 ሜትር በላይ ነው። ይህንን ሁሉ አንድ ድንጋይ አድርጋችሁ አስቡት። አብያተ ክርስቲያናቱ 11 ናቸው፤ በቃል ታሪክ ሥራው 23 ዓመት ፈጀ ይባላል። አንዳንድ አጥኚዎች ከፊሎቹ፣ በተለይ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ መርቆሬዎስ፣ ከላሊበላ በፊት ለሌላ አገልግሎት ተፈልፍለው ኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን የተለወጡ ናቸው ይላሉ። ይሄ የንጉሡን ሥራ አያሳንሰውም። አውሮፓውያን የመስቀል ጦረኞች መጥተው ሠሩት የሚለውን ቪዲዮ ያያችሁ ግን በጊዜያችሁ ቀልዳችኋል፤ ምንም ማስረጃ የለውም።

እኔን የሚገርመኝ ስለ መሬቱ የተጻፈው ነው። ገድሉ እንደሚለው ላሊበላ ሊያንጽበት ያሰበውን ቦታ ከባለቤቶቹ በወርቅ ገዛው፤ ያውም በብዙ ወርቅ። ጸሐፊው ራሱ የተደነቀ ይመስላል፤ ንጉሥ ስለሆነ እንዲሁ ቢወስደው ማንም የሚከለክለው እንዳልነበረ ያስታውሰናል። ለሠራተኞቹም እንዲሁ ነው። ሰብስቦ እያንዳንዱ ዋጋውን በገዛ አፉ እንዲናገር ጠየቃቸው፤ በግድና በነጻ ያሠራው ሰው እንዳይኖር። ጠራቢውም፣ አፈር አውጪውም፣ የተነጋገሩትን እስከ መጨረሻው ተቀበሉ።

የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት የወሰዳችሁ እዚህ ጋ አንድ ሰው ትዝ ሊላችሁ ይገባል፤ ናቡቴ። ንጉሥ አክዓብ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለችውን የናቡቴን የወይን ቦታ ተመኘ፤ ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሸጥም አለ። አክዓብ አኩርፎ ተኛ። ሚስቱ ኤልዛቤል ግን ሐሰተኛ ምስክር አቁማ ናቡቴን በድንጋይ አስወግራ ቦታውን አስረከበችው። በእኛ አገር ድሃ በጉልበተኛ መሬቱን ሲነጠቅ ቄሱም ሽማግሌውም የሚያነሳው ምሳሌ ይሄ ነው። የገድሉ ጸሐፊ የመሬቱን ግዢ እንዲህ አጥብቆ ሲጽፍ አክዓብ በልቡ እንደነበረ አልጠራጠርም። ንጉሡ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ነው የፈለገው፤ ምክንያቱ ቅዱስ ነው። ቅዱስ ምክንያት ያለው ሰው ደግሞ የሰው መሬት ሲወስድ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ለእግዚአብሔር ነው፣ ለአገር ነው፣ ለልማት ነው ይላል። ላሊበላ ለእግዚአብሔርም ሆኖ ከፈለ።

ይሄ የሩቅ ወሬ አይደለም። በእኛ ዘመንም በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ አባወራዎች ለቅርሱ ሲባል ተነስተው ኩራኩር ወደሚባለው አዲስ ሰፈር ሄደዋል። ከቤቶቹ አንዳንዶቹ፣ እነዚያ የላስታ ክብ የድንጋይ ቤቶች፣ በቅርስነት ቆመዋል። የተነሺ ካሳ ጉዳይ በየትኛውም የአገራችን ከተማ እንዴት እንደሚያነጋግር እናንተው ታውቃላችሁ፤ ገድሉ ያነሳውም ያንኑ ጉዳይ ነው።

ስለ ንጉሡ ያለን ማስረጃ ገድል ብቻ አለመሆኑን ልንገራችሁ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ስሙ በግዕዝ የተቀረጸባቸው የእንጨት መንበሮች አሉ። ለቤተ ክርስቲያን የሰጠው መሬት የተመዘገበበት፣ እ.ኤ.አ. የ1225 ዓመት ያለበት ሰነድም ኤርትራ ውስጥ በሚገኘው በደብረ ሊባኖስ ሽመዛና ወንጌል ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ደግሞ ገድል የማይነግረንን አንድ የአስተዳደር ጉድ ይነግረናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ጳጳስ የሚላክልን ከግብጽ ነው። በላሊበላ ዘመን የነበሩት አቡነ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1210 አካባቢ አገር ጥለው ካይሮ ገቡ። ለፓትርያርኩ ያቀረቡት ምክንያት ንግሥቲቱ ናት፤ ወንድሟን ኂሩንን በግድ አስሹማ፣ ኂሩን ሥልጣናቸውን ነጥቆ አሳደዳቸው አሉ። ፓትርያርኩ ግን የአንድ ወገን ወሬ ሰምተው አልፈረዱም፤ መልእክተኛ ኢትዮጵያ ድረስ ላኩ። መልእክተኛው ይዞት የተመለሰው ሌላ ታሪክ ነበር። ከወርቅ የተሠራ በትር ጠፍቶ፣ አቡኑ ዕቃ ቤቱን በስርቆት ጠርጥረው አስገርፈውት ሰውየው በግርፋቱ ሞቷል። አቡኑ ተሻሩ፤ በምትካቸው አቡነ ይስሐቅ ተላኩ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው ለንጉሡ ይመሰክራል። ጳጳስ አንድ ተራ አገልጋይ አስገድሎ እንደ ዋዛ አልታለፈም፤ ጉዳዩ በደብዳቤና በመልእክተኛ ባሕር ተሻግሮ ተመርምሯል። የመርዙን ጽዋ የቀመሰው ዲያቆን እዚህም ትዝ ይለኛል። ሁለተኛው ግን ንጉሡን አያስመሰግንም። የንግሥቲቱ ወንድም ጵጵስና መፈለጉና ማግኘቱ ሐሰት ነው ያለ የለም። ዘመድ መሾም ዛሬ የተጀመረ በሽታ አይደለም፤ ቅዱስ በምንለው ቤት ውስጥም ነበር። ከተጓዦች ጽሑፍ የወጣ ሌላም ወሬ አለ፤ ላሊበላ ግብጽን ለማስራብ የዓባይን ውሃ አቅጣጫ ሊያስቀይር አስቦ ነበር የሚል። የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ጽፎታል። የስንቱ ሰው ቁጣና ምኞት ተጨምሮበት እንደመጣ አይታወቅም፤ ለእኔ ግን መሬት በወርቅ ከገዛው ሰው ጋር አልገጥም ብሎኛል።

ወደ መስቀል ክብራ እንመለስ። ያቺ ለወንድሟ ሹመት የጠየቀች ሴት፣ በላስታ የቃል ታሪክ ውስጥ ደግሞ ሌላ መልክ አላት።

ላሊበላ ሲሸመግል ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ እንዲለቅ ያሳመነችው እሷ ናት ይባላል። ለቀቀም። ሥልጣን በፈቃድ መልቀቅ በእኛ ታሪክ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ዕዳ የመክፈልም መልክ አለው፤ ዘውዱ ከሐርቤ መጥቶ ነበር፣ ወደ ሐርቤ ልጅ ተመለሰ። ነአኩቶ ለአብ 18 ወር ነገሠ። ከዚያ አንድ ቀን ወታደሮቹ ለንጉሡ ማዕድ ብለው የአንድ ድሃ ገበሬ ላም ነድተው ወሰዱ። ያለችው እሷ ብቻ ነበረች።

ላስታ ውስጥ አንዲት ላም ምን ማለት እንደሆነ ከተማ ያደጋችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። አገሩ ደጋ ነው፣ ተዳፋት ነው፣ አፈሩ የሳሳ ነው፤ ገብስ ተዘርቶ የሚበቅለው በልመና ነው። ላሚቱ ለልጆቹ ወተት ናት፣ ለዓመት በዓል ቅቤ ናት። ኩበቷ እንጨት በሌለበት አገር ማገዶ ነው። ወይፈን ከወለደች ነገ የሚያርስ በሬ አለ ማለት ነው፤ በሬ የሌለው ሰው ደግሞ መሬቱን ለሌላ አሳርሶ እኩሌታውን ይሰጣል። ስለዚህ ወታደሮቹ የነዱት አንድ ከብት ሳይሆን የአንድ ቤት መጪ አሥር ዓመት ነው። ለንጉሡ ግን አንድ እራት ናት፤ ምናልባትም ከየት እንደመጣች ሳይጠይቅ የበላት።

መስቀል ክብራ ይህን ሰማችና ባሏ ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ ገፋፋችው፤ ላሊበላም ተመለሰ። ኤልዛቤልና አክዓብ ትዝ አሏችሁ? ያቺ ባሏን አስነስታ የድሃውን ርስት አስነጠቀችው፤ ይቺ ለተነጠቀ ድሃ ብላ ባሏን አስነሳችው። ላስታዎች ይህን ታሪክ ለመቶ ዓመታት ሲያወርሱት ነአኩቶ ለአብን ለመስደብ አልነበረም፤ እሱም ቅዱስ ነው። ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በዋሻ ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ በድንጋይ ገበታዎች ተጠራቅሞ ጠበል ይሆናል፣ ሰው ይዳንበታል። ቅዱሱም ሰውም ነው። ራሱ ክፉ ባይሆን እንኳ ወታደሩ በስሙ የሚያደርገውን ካላወቀ፣ ወይም አውቆ ዝም ካለ፣ ዙፋኑን ለማጣት ያ በቂ ሆኖ ተቆጥሯል።

እዚህም ላይ ምሁራኑ ይመጣሉ። ፕሮፌሰር ታደሰ ከላሙ ታሪክ ጀርባ የሥልጣን ሽኩቻ፣ በሐርቤና በላሊበላ ልጆች መካከል የተደረገ ግብግብ ሳይኖር አይቀርም ብለው ጠርጥረዋል። ሊሆን ይችላል። ዘውድ ለመመለስ የፈለገ ወገን ምክንያት ይፈልጋል። ግን ምክንያት ሲፈለግ የተመረጠው ላም መሆኑን ልብ በሉ። ደካማ ነው፣ ጦር አልመራም፣ ግብር አልሰበሰበም ማለት ይቻል ነበር። የላስታ ሰው ይበቃል ብሎ የተቀበለው ምክንያት የአንድ ስሙ የማይታወቅ ገበሬ ላም ነው።

ላሊበላ 40 ዓመት እንደነገሠ ቤተ ክርስቲያን ትናገራለች፤ ያረፈበት ቀን ሰኔ 12 ይከበራል። መቃብሩ ቤተ ጎልጎታ ውስጥ ነው። መስቀል ክብራ ከሞቱ በኋላ ለመታሰቢያው አባ ሊባኖስን በአንድ ሌሊት ከመላእክት ጋር አሳነጸችው ይባላል፤ ጎኖቹ ከዐለቱ ተለይተው ጣሪያው ግን ከላይ ካለው ተራራ ጋር የተያያዘ፣ ተንጠልጥሎ የቆመ የሚመስል ቤት ነው።

የዛጉዌ ዘመን ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ያዘ። ስለዚህም እንደ ሐርቤው ሁለት ወሬ አለ። አንደኛው ነአኩቶ ለአብ በቅዱሳን አማላጅነት በሰላም አስረከበ ይላል። ሌላው የመጨረሻው የዛጉዌ ንጉሥ ይትባረክ ተሸንፎ ሸሽቶ፣ ጋይንት ውስጥ በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተገደለ ይላል። አዲሶቹ ነገሥታት ከሰሎሞን ዘር ነን አሉ፤ ዛጉዌዎቹን ዙፋን የማይገባቸው ሆነው ይታዩ ዘንድ ብዙ ተጽፏል።

ገድለ ላሊበላ የተጻፈው እንግዲህ በዚህ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ዙፋኑ ላይ ያሉት የእሱን ቤት የገለበጡት ሰዎች ልጆች ናቸው። እሱን ማሞገስ ሹመት አያስገኝም፣ መሬት አያሰጥም። የገዛ ወገኑ ሥልጣን ላይ እያለ የተጻፈ ውዳሴ ቢሆን እኔም በግማሽ ጆሮዬ ነበር የምሰማው። በተሸነፈ ቤት ንጉሥ ላይ፣ በአሸናፊዎቹ ዘመን የተሰጠ ምስክርነት ግን ሌላ ክብደት አለው።

የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29፣ የልደቱ ቀን ተብሎ ስለሚከበር ላሊበላ በሰው ትጥለቀለቃለች። ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጋይንት በእግራቸው የመጡ ገበሬዎች ስንቃቸውን በአቁማዳ ተሸክመው ይደርሳሉ። ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከአፋፉ ላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ ይላሉ። ከዚያ ሰዉ ተሰልፎ ወደ ጎልጎታ ይሄዳል። ሴቶች እዚያ አይገቡም፤ እናቶቻችን ከበሩ ውጭ ሆነው ይሳለማሉ። ከንጉሡ መቃብር የወጣ አፈር በጣታቸው ቆንጥረው፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ወደየአገራቸው ይዘው ይመለሳሉ።